ደበላ የከለከለኝ ቡችላ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ዳቦ ቆረሰልኝ፣ ብርድ ልብስ ሸለመኝ፣ ኃላፊያችንም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። "አሁን እንግዲህ እቤትዎ ቁጭ ብለው ይረፉ" እያለ ሲያዝንልኝ፣ እኔ ደስታዬን የት ልደብቀው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እቤት ቁጭ ማለት! እንደዚያ የጓጓሁለት ሌላ ነገር አልነበረም። ደክሞኝ አይደለም። ጎሬ ውስጥ ደበላ የሚባል ሰው አለ፤ ከእሱ ግቢ አንድ ቡችላ ስመኝ ዓመታት አልፈዋል። አንዴ ጠይቄው ዓይን ዓይኔን እያየ ከልክሎኛል። የከለከለኝም ሌላ እንከን አግኝቶብኝ ሳይሆን ቀን ቀን እቤት ስለማልውል ነው። አሁን መዋል ልጀምር ነዋ!

አስካለ እባላለሁ። ዕድሜዬን በመቱና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በእንስሳት ጤና ረዳትነት ጨረስኩ። ላም ስታምጥ እጄን ከትቼ ጥጃ ጎትቻለሁ፣ በቅሎ ረግጣኝ ሰንብቼ ተነሥቻለሁ፣ በግና ዶሮ ከትቤያለሁ። መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ግን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "እትዬ አስካለ፣ ጥሩ ቡችላ ከየት ይገኛል?" ይህ ጥያቄ ሊሰለቸኝ በተገባ ነበር። አልሰለቸኝም፤ የያዝኩትን መሬት አስቀምጬ ነው የምመልሰው። የሚሰለቸው ጠያቂው ነው፣ ቶሎ ስለማልለቀው።

የሚያስቀው ደግሞ ሥራ ስጀምር ውሻ እፈራ ነበር። የመጀመሪያ ምድቤ ኡካ ነው። ክልሉ ኦሮሚያ ከተባለ ብዙም አልቆየም፤ ሪፖርት በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ጻፉ ተብለን፣ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ተከራክሬ የማሸንፈው ሴት ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ለመሙላት ላብ በላብ እሆን ነበር። ደመወዙን ባናነሣው ይሻላል። ግን አለቃዬ ጋሼ ታደሰ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ሰው ናቸው። የማውቀው ሁሉ ከእሳቸው ሁለት አመል የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንደኛው አመል የጫማ ነው። ጋሼ ታደሰ ሁልጊዜ በፌስታል ኮንጎ ጫማ ይዘው ይዞራሉ። ሰው ግቢ ሲደርሱ ጭቃ የጠጣውን ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው ኮንጎውን ያጠልቃሉ፤ ሲወጡ ኮንጎውን በበረኪና ውኃ አጥበው፣ አራግፈው፣ መልሰው ፌስታል ውስጥ ይከታሉ። ይህ ሁሉ በዚያ በኢሉባቦር ዝናብ! መጀመሪያ ሰውየው ጤና የላቸውም እንዴ ብያለሁ። "አስካለ፣ በሽታ ክንፍ የለውም፤ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት የሚሄደው እኔን ተጭኖ ነው" አሉኝ አንድ ቀን፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው እንደ ሽመላ እንደቆሙ።

ሁለተኛው አመላቸው ጥያቄ ነው። ሰው ቡችላ አቅፎ "እስቲ እዩልኝ" ብሎ ሲመጣ ቡችላውን አይነኩትም። "ሀቲ ኢሳ ኤሳ ጅርቲ?" ይላሉ። አማርኛ ተናጋሪ ከሆነም ያው ነው፤ "እናቱ የት ናት?" አላውቅም ያለውን ሰው ሂድና አጣራ ብለው ይመልሱታል። አውቃለሁ ካለ ኮንጎውን ያነሡና "እንሂድ" ይላሉ፣ ቦታው ማዶ ተረተሩ ላይም ቢሆን።

እዚያ ስንደርስ በሩ ላይ ቁጢጥ ይላሉ። ውሻዋን አይጠሯትም፣ ዓይኗንም አያዩም። መሬት መሬት እያዩ ይጠብቃሉ። "ወደ እኛ ስትመጣ ሳይሆን ወደ ጌታዋ ስትሄድ ጅራቷን እዪ" ይሉኛል ቀስ ብለው። "ጌታዋን እየፈራች ያሳደገችው ልጅ ሰው ይፈራል። የሚናከሰው ደግሞ ሰው የሚፈራው ነው።" ከዚያ ወገቧን ያያሉ፤ ትንፋሽ ሳታገኝ በላይ በላዩ የምትወልድ እናት ወገቧ ይሰምጣል፣ ጡቷ ይንጠለጠላል። ቡችሎቹን የሚነኩት መጨረሻ ላይ ነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው የድዱን ቅላት፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ከዚያ ሆዱን። ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ቡችላ ሲያይ ሰው ሁሉ "እንዴት ጠግቧል!" ይላል። ጋሼ ታደሰ ደግሞ "የጠገበውስ ወስፋቱ ነው" ይላሉ። ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ የሚነጥል ሰው ካገኙም ጠባያቸው ይለወጣል፤ ድምፃቸው ዝቅ እንዳለ ሰውየውን መግቢያ ያሳጡታል።

ከመፍራት የወጣሁት እንዲህ ቁጢጥ ስል ነው። ኡካ ውስጥ አንዲት ሻካራ ጸጉር ያላት እናት ውሻ መጣችና አገጯን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። ልሸሽ አሰብኩ፣ እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ከዚያ ሞቀኝ። በቃ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ሰዎች ከውሻ ጋር ስነጋገር እየሰሙ መሳቅ ጀመሩ።

ኋላ ቡሬ ተመደብኩ። እዚያ ውሻ ገበሬ ነው። በቆሎው ሲያሸት ዝንጀሮው ከጫካ ይወጣል፣ ከርከሮው ይወጣል፤ ውሻ የሌለው ሰው ማማ ላይ ሆኖ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው የሚከርመው። ያኔ ቡችላ የሚሸጥ ሰው አላየሁም። ጎረቤት ነው የሚሰጠው። እናቱን ታውቃታለህ፣ አባቱን ታውቀዋለህ፣ አንተንም ሰጪው ያውቅሃል። ማንም እናቱ የት ናት ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ አጥር ዘልላ ስትመጣ ታያታለህ።

ይህን ያፈረሰው ገበያው ነው። መቱ ስዛወር፣ ጋሼ ታደሰም ቀድመውኝ መጥተው ነበር፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሰው ቡችሎች በካርቶን ይዞ መቆም ጀምሯል። ጸጉራቸው የተንጨፈረረ፣ ነጫጭ፣ "የፈረንጅ ዘር" የሚላቸው። ሰው እንደ ጉድ ይከበዋል። ጋሼ ታደሰ ጠጋ ብለው ያችን ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

"ጅማ ናት፣ ጋሼ" አለ።

ከደቂቃዎች በኋላ እኔ በሌላ ወገን ዞሬ ጠየቅሁት። "በደሌ ናት፣ እትዬ" አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋሼ ታደሰ ግን አልሳቁም። "በደሌ ስሄድ የማን ቤት ብዬ ልጠይቅ?" አሉት።

"ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ቡችላ ነው፤ አድራሻ አይደለም" አላቸው። የከበበው ሰው ሁሉ ከእሱ ጋር ሳቀብን። በየቤቱ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚያ ካርቶን አትግዙ እያልኩ ዞርኩ። ሰው ቆንጆ ነገር ፊቱ ሲንቀሳቀስ ግን ምክር አይሰማም፤ ልፈርድበትም አልችልም፣ ቡችሎቹ ቆንጆ ነበሩ።

ደበላን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። ከጎሬ በታች ጫካው ሥር ቡናና በቆሎ ያለው፣ ረጅም፣ ድምፁ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ዳማ የምትባል ውሻና አራት ጎረምሳ ልጆቿ በቆሎውን ይጠብቁለታል። በውሾቹ እንዴት እንደሚኮራ! መቱ ለገበያ በመጣበት ቀን ካርቶኑ ጋ ቆመ። እኛ ከብት ልንከትብ ገጠር ወጥተን ነበር፤ የሆነውን ኋላ ራሱ ነው የነገረን።

በእኛ አገር ሰው ቡችላ ሲመርጥ በማጅራቱ አንጠልጥሎ ያነሣዋል። ከጮኸ ፈሪ ነው ይባላል። ዝም ካለ ጀግና ነው። ደበላም አንድ በአንድ አነሣቸው። ሁሉም ጮሁ፤ አንዱ ብቻ ዝም አለ። "ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ እትዬ" ብሎኛል። "ጀግናዬን አገኘሁት ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ፣ እስከ ጎሬ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ገለጥ እያደረግሁ ወሰድኩት።"

ሳምንት ሳይቆይ ተጠራን። በሩ ላይ ጋሼ ታደሰ ኮንጓቸውን ሲያጠልቁ ሽታው መጣ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ያ ዝምተኛ ቡችላ ሞቷል። አራቱ ጎረምሶች በየጥጉ ወድቀዋል። ትውከትና ተቅማጥ አድርቋቸው ቆዳቸውን ቆንጠጥ ሳደርገው እንደተቆነጠጠ ይቀራል። የፊት እግራቸውን ላጭቼ ደም ሥር ፈለግሁ፤ ደም ሥሩ ከክር ቀጥኖ መርፌው እያለፈ ይሄዳል። ያገኘሁላቸው ላይ ግሉኮስ ተከልኩ። ደበላ ጠርሙሱን የቡናው ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ያ ሁሉ ቁመቱ ታጥፎ፣ የውሾቹን ራስ በየተራ ጭኑ ላይ ያደርጋል። እየተመላለስን ያወቅነውን ሁሉ ሞከርን። አንድም አልተረፈልኝም። የመጨረሻው ሲሞት እጄ ደረቱ ላይ ነበር፤ እስከዛሬ መዳፌ ያስታውሰዋል። የቀረችው እናትየዋ ዳማ ብቻ ናት።

ጋሼ ታደሰ "ሳትጠይቅ ለምን ገዛህ?" አላሉትም። አፈሩ ላይ ከጎኑ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ያ ዝም ያለው ጀግና አልነበረም እንዴ?" አለ ደበላ። ያ ድምፁ የት እንደገባ።

"ለመጮኽ አቅም አጥቶ ነው፣ ልጄ" አሉት። "ጤነኛ ቡችላ ሲያነሡት ይጮኻል። እናቱን ይጠራላ።"

ደበላ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍረኛል። በዚያ ዓመት ዝንጀሮው በቆሎውን ጨረሰው።

ሰው ሌላ ውሻ አምጥቶ ይረሳል። ደበላ አልረሳም። በሽታው መሬት ውስጥ እንደሚቆይ ስንነግረው ግቢው ውስጥ ቡችላ ሳያስገባ ከክረምት እስከ ክረምት ቆየ። ዳማን አስከተባት። ወንድ ሲያስፈልጋት ለእኔ ደወለና "እናቱን የሚያውቁት ወንድ ይፈልጉልኝ" አለኝ! ስልኩን ይዤ መንገድ መሀል ዘለልኩ። ኡካ ውስጥ ያች አገጯን ጉልበቴ ላይ ያስቀመጠችው ውሻ ዘሯ ነበረ፤ የልጅ ልጇን አገናኘሁለት።

ዳማ ስትወልድ ወሬው ተሰማና ሰው ወደ ጎሬ ይጎርፍ ጀመር። ደበላ ግን በሩ ላይ ጉድ ይዞ ጠበቃቸው። ኮንጎ ጫማዎች ደርድሯል፣ ሁሉም ትልልቅ፣ የራሱ ልክ። ማንም ይሁን ማን ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። አንድ ባለሥልጣን ሙሉ ልብስ ለብሶ በዚያ ኮንጎ ከግራ ቀኝ እየተንሸራተተ ሲገባ አይቼ አጥሩን ይዤ ነው የሳቅሁት። ጋሼ ታደሰ ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ስነግራቸው ቡናቸውን አስደገሙ።

ገዢ ሲመጣ ደበላ መጀመሪያ እናቲቱን ያሳያል። በማጅራት አንጠልጥሎ የሚያነሣ እጅ ካየ ያ ሰው በሩን ፈልጎ ይውጣ። ከዚያ ይጠይቃል። የት ይተኛል? ምን ይበላል? ሲታመም ማን ጋ ትወስደዋለህ? አንዱ ሌሊትም ቀንም በሰንሰለት እንደሚያስረው ቢነግረው "ሰንሰለት ብቻ ከሆነ የቸገረህ ሱቅ አለልህ" ብሎ ሸኘው። ካልቻልክ ለእኔ መልስልኝ፣ ለሌላ ሰው አትስጥብኝ ብሎ ቃል ያስገባል። ቡሬ ያለ አንድ ቤተሰብ አገር ሲለቅ ሄዶ ውሻውን ራሱ መልሶ አምጥቷል። ዳማንም ሆነ ኋላ የተተካችውን ልጇን ሻሼን በላይ በላዩ አያስወልድም። እኔም ቡችላ ከየት ይገኛል ለሚለኝ ሁሉ "ጎሬ ሂድ፣ ከፈቀደልህ" ማለት ጀመርኩ።

ታዲያ እኔስ ሰው አይደለሁ? ልጆቼ አግብተው ሄደዋል፤ ማታ የሚቀበለኝ ቁልፉ ነው። አንድ ቀን ሻሼን ከትቤ ስጨርስ፣ "ደበላ፣ ከሚቀጥለው አንድ ለእኔ" አልኩት። እሺ ሳይለኝ ይቀራል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አላለፈም።

"እትዬ አስካለ፣ ቀን ቤትዎ ማን ይውላል?" አለኝ።

"ማን ይውላል? እኔ ሥራ ነኝ።"

"ጨለማ ሳለ ወጥተው ሲመሽ ይገባሉ። አንዳንዴም ገጠር ያድራሉ። ቡችላዬ ከማን ጋር ይዋል?" አለ፣ እጁን እያሻሸ። "አልሰጥዎትም።"

ደሜ ፈላ። "ሰውዬ፣ ማን እንዳስተማረህ ረሳኸው?" አልኩት።

"አልረሳሁም፣ እትዬ። ስላልረሳሁ ነው የከለከልኩዎት" አለኝ።

ኮንጎውን ወርውሬለት ወጣሁ። ስንት ቀን ተኮራርፈናል! ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የምመልስለትን ስድብ ሳሰናዳ ግን አንዱም የሚረባ አልሆን አለኝ። ልክ ነበር። ቡችላ ብቻውን ተቆልፎበት ሲውል ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ነው በጡረታዬ ማግስት በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎሬ የወጣሁት። ለማንም ያልተናገርኩት ፍርሃትም ነበረብኝ። እነዚያ ደህና ሰዎች "ይረፉ" ሲሉኝ፣ ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ሻሼ መውለዷን ሰምቻለሁ። ደበላ ደግሞ ለወዳጅ ብሎ እሺ የሚል ሰው አይደለም።

በሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ ጀልባ የሚያህለውን ኮንጎ አጠለቅሁ። "ታኣ፣ እትዬ" ብሎ በርጩማ ሳበልኝ። ተቀመጥኩ። ያ ሰው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የሚያውቀኝ ሰው፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ። የት ይተኛል? ምን ይበላል? አጥሩ ደህና ነው? እንደ ተፈታኝ አንድ በአንድ መለስኩ። ሻሼ እግሩ ሥር ጅራቷን እየቆላች ትሰማኛለች።

"ቀን ቤት ማን ይውላል?" አለ በመጨረሻ።

"እኔ!" አልኩ። በጣም ጮኼ ነው መሰል የግቢው ውሻ ሁሉ አብሮኝ ጮኸ። "እኔ እውላለሁ፣ ደበላ። ጠዋትም እኔ፣ ከሰዓትም እኔ። ሥራ የለኝም!"

ሥራ የለኝም ብዬ ይህን ያህል እደሰታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ደበላ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በሙሉ ሳቀ። "የለበሱትን ነጠላ ይስጡኝ" አለ። ወስዶ ሻሼና ልጆቿ ሥር አነጠፈው፤ ጠረኔን እስኪለምዱ ይተኙበት፣ ሁለት ወራቸውም አልሞላም፣ እርስዎም ይጠብቁ አለኝ። ያለ ነጠላ ወደ መቱ ተመለስኩ። ብርድ አልተሰማኝም።

ቀኑ ሲደርስ ደበላ ቡችላውን በዚያው ነጠላ ጠቅልሎ አሳቀፈኝ። መልኩ አያቱን ዳማን የመሰለ፣ አንድ ጆሮው ወደቅ ያለ። ሻሼ እስከ በሩ ተከተለችን፤ ቁጢጥ ብዬ መሬት መሬት እያየሁ ጠበቅኋት፣ መጥታ ልጇን አሸተተች፣ እጄንም አሸተተች፣ ተመለሰች።

ሚኒባሱ ገና ከጎሬ ቁልቁል ሲጀምር ቡችላው ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! ከኋላዬ የተቀመጡ እናት አላስቻላቸውም። "ውይ፣ እትዬ፣ ይሄማ ፈሪ ነው። ዝም የሚል ጀግና አጡ?"

"ይጩህ!" አልኳቸው። "ጤነኛ ነው። እናቱን እየጠራ ነው።"

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። "እናቱ የት ናት?" አለ።

ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ከየት ይገኛል ይለኛል እንጂ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ከጋሼ ታደሰና ከደበላ በቀር። "ጎሬ ናት" አልኩ። "ደበላ ግቢ። ሻሼ ትባላለች። እናቷን ዳማንም አውቃታለሁ።"

መቱ እስክንገባ ድረስ ጮኸ። ማንም ዝም ያሰኙት አላለኝም።